ዕድሜ የተቆጠረለት ጀግና

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ! ደመናው ከጦሳ ተራራ ራስ ላይ እየተገፈፈ፣ ሜዳውና ገመገሙ አደይ አበባ በለበሰበት በዚህ ሰሞን ከደሴ የምጽፍላችሁ፣ ሁላችንም አንድ ዓመት በጨመርንበት ዕለት ስለ እርጅና ደጋግሜ ያነበብሁትን አንድ የሥዕል ታሪክ ላካፍላችሁ ስለወደድሁ ነው።

መጽሐፉ ዲሲ ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ1986 በአራት ክፍል ያሳተመው የፍራንክ ሚለር «ዘ ዳርክ ናይት ሪተርንስ» ነው። የሌሊት ወፍ ጭምብል አጥልቆ ወንጀለኞችን የሚፋለመው ጀግና ባትማን እ.ኤ.አ. በ1939 ከተፈጠረ ጀምሮ አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው ጉልበቱ እንዳልተነካ ጎልማሳ ሆኖ ነበር፤ ሚለር ግን ዕድሜውን ቆጠረለት። ከጭምብሉ በስተጀርባ ያለው ሰው ብሩስ ዌይን 55 ዓመት ሆኖታል፣ ጭምብሉን ካወለቀ አሥር ዓመት አልፎታል፣ የረዳቱ የጄሰን ቶድ ሞትም ከልቡ አልወጣም። ሚለር አንዳንዱን ገጽ በ16 ትናንሽ ሣጥኖች ከፋፍሎ፣ የቴሌቪዥን ጋዜጠኞችን ጫጫታና የሽማግሌውን ጭንቀት አጠጋግቶ ሲያስጨንቀን ይቆይና፣ ድንገት ሙሉውን ገጽ ለአንድ ሥዕል ሲለቅለት አንባቢው ራሱ ትንፋሽ ያገኛል።

ብዙዎች ከሱፐርማን ጋር የሚያደርገውን የመጨረሻ ፍልሚያ ያስበልጣሉ። እኔን የሚይዘኝ ግን ከተማውን ከሚያሸብሩት ወጣት ወሮበሎች አለቃ ጋር የሚያደርገው ትግል ነው። መጀመሪያ እንደ ወጣት ሊታገለው ገባና ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። በሁለተኛው ግን ያን ፈርጣማ ጎረምሳ ጭቃ ውስጥ አስገብቶ፣ ፍጥነቱን በጭቃው አስይዞ፣ የት ቢመታው እንደሚሰናከል አውቆ ጣለው። ያ እውቀት ከወጣትነቱ ጋር አብሮት የነበረ አይደለም፤ ዓመታት ናቸው የሰጡት።

በመጀመሪያው ትግል ከሞት ያተረፈችው ደግሞ የ13 ዓመቷ ካሪ ኬሊ ናት። ማንም ሳይጠራት የባትማን ረዳት የሆነውን የሮቢንን ልብስ ለብሳ፣ የላስቲክ ወንጭፏን ይዛ የወጣች ልጅ ናት። በቆላው ወሎ ወፍ ከማሽላ ሲያባርሩ የሚውሉትን ልጆች ያየ ሰው፣ ወንጭፍ በልጅ እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። ብሩስ ልጅቷን አልናቃትም፤ አስከተላት፣ አስተማራት። በመጨረሻም ዓለም ሞቷል ብሎ ከቀበረው በኋላ፣ ከዋሻው ውስጥ ትናንት ወሮበላ የነበሩ ወጣቶችን ሳይቀር ሰብስቦ ሊያሠለጥን ይነሣል።

እኛ ዘንድ ለእርጅና የተሰጠው ቦታ ነው ይህን ታሪክ በሌላ ዓይን እንዳነበው ያደረገኝ። በወሎ አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ለማስታረቅ ሲቀመጡ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ «አሚን» እያለ ምርቃታቸውን ይቀበላል፤ የሚሰሙትም ክንዳቸው ስለበረታ ሳይሆን ያዩት ስለበዛ ነው። ስለዚህ የብሩስ አሥር ዓመት የሚያሳዝነኝ ጡንቻው በመላላቱ አይደለም፤ በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ያወቀውን የሚቀበለው ወጣት ሳይኖር፣ ከመጠጡና ከቅዠቱ ጋር ብቻውን በመቀመጡ ነው። ቁጣውን ሁሉ አልቀበልለትም፤ አበጋር ቢሆን ኖሮ ከዱላው በፊት ብዙ ይናገር ነበር። ልጅቷን ከጎኑ ያቆመበትን ገጽ ግን በገለጥሁት ቁጥር ደስ ይለኛል።

በዚህ ዓመት ጡረታ ለወጣችሁ መምህራን፣ መሪውን ለልጆቻችሁ ላስረከባችሁ ሾፌሮች፣ ዓይናችሁ ቢደክምም ጥለቱን ለልጅ ለምታሳዩ ሸማኔዎች፣ ጀበናውን ከብባችሁ ለምትመርቁን እናቶች፣ እንዲሁም ከእነርሱ ሥር ቁጭ ብላችሁ ለምትማሩ ወጣቶች ሁሉ ዘመኑ የጤና፣ የእርቅና የጥጋብ ይሁንላችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!