የቅዳሜ ተማሪዎቼ
ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ አራት ተማሪዎችን በየተራ ጊታር ሳስተምር ዋልኩ። ከሁሉም ታናሿ የ9 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ታላቁ ደግሞ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት የአባቷን ትልቅ ጊታር ማቀፍ አቅቷት ስትቸገር ስላየሁ፣ ዛሬ መጠኑ ያነሰና የናይለን ክር ያለው ጊታር አዘጋጀሁላት፤ የብረት ክር የጀማሪን ጣት ስለሚያቆስል ብዙ ልጆች ገና በመጀመሪያው ወር ትምህርቱን የሚተዉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የሲ ሜጀርን ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆችን) ስትይዝ፣ ሁለተኛውን ክር የተጫነው አመልካች ጣቷ የመጀመሪያውን ክር እየነካ ድምፁን ያፍነው ነበር። አውራ ጣቷን ከጊታሩ አንገት ኋላ ትንሽ ዝቅ እንድታደርግ ነገርኳት፤ ጣቷ ቀና አለና ክሩ ጥርት ብሎ ጮኸ። እሷም ቀና ብላ አየችኝ።

አባባ በወጣትነታቸው ክራር ይጫወቱ ስለነበር የመጡት የትዝታን ቅኝት ፈልገው ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብዬ የትዝታ ሜጀርን ሳሳያቸው እጃቸው ወዲያው አገኘው፤ ቀጥሎም ሚንና ላን አንድ አንድ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለ እርከን) ወደ ኋላ መልሰን ወደ ትዝታ ማይነር ስንገባ ግን ቆም አሉ። «በክራር ቢሆን ክሩን እንደገና መቃኘት ነበረብኝ» አሉና ያንኑ ደጋግመው ተጫወቱት። ሰዓታቸው ቢያልቅም ማቋረጥ አልፈለግሁም፤ ተረኛው ተማሪም ገብቶ፣ ጊታሩን ከቦርሳው ሳያወጣ ቁጭ ብሎ ያዳምጣቸው ጀመር።