ከመዝገብ የተሰረዙት

ሐምሌ ነው። የደብረ ብርሃንን ሐምሌ የምታውቁ ይህን ስታነቡ ጋቢያችሁን ሳብ ታደርጋላችሁ፤ የማታውቁ አትጠይቁኝ። ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም። ሥራ ተቆልሎብኝ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ። ምንም ሳይኖር ዝም ብሎ የሚደብር ቀን አለ አይደል? እሱ ነው።

እንደዚህ ስሆን የእማዬ መድኃኒት አንድ ነው፤ መላክ። "ከምትጎለት የእድሩን ከፍለህልኝ ና" አለችኝ። ወጣሁ።

ገንዘብ ያዡ ጋሽ ተ. መነጽራቸውን ፈልገው ደረሰኝ እስኪቆርጡ ድረስ መዝገቡን ወደ እኔ ስቤ አገላብጥ ጀመር። ጠርዙ የተላጠ ትልቅ መዝገብ ነው። ስም፣ የገቡበት ቀን፣ የየወሩ ክፍያ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ "ምርመራ" የሚል ጠባብ ዓምድ። ጸሐፊ በተቀያየረ ቁጥር የእጅ ጽሑፉም ይቀያየራል። ምርመራው ላይ የሚጻፈው ግን ያው ነው። "አርፈዋል" ከነቀኑ። "ለቀዋል፣ ወደ አዲስ አበባ"። "ተሰርዘዋል"። የቀረው ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ ሰውየው አሉ፣ ይከፍላሉ፣ ደህና ናቸው ማለት ነው።

የእኔ እንጀራ ደግሞ ይኸው ነው። ሰው አንድ ነገር እስኪደርስበት ምን ያህል ይቆያል የሚለውን መገመት። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሕሙማን ካርድ ክፍል ገብተው አቧራ ሲቅሙ ይከርማሉ። እንዲህ ያለው ዳታ ለካ እማዬ ቤት አጠገብ ተጋድሟል።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ጆን ግራውንት የሚባል የለንደን ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመው መጽሐፍ መነሻው በየሳምንቱ የሚወጣው የሟቾች ዝርዝር ነበር። ሌላው ሰው ዝርዝሩን የሚያየው ወረርሽኙ በረታ ወይስ ጋብ አለ ብሎ ነው። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ደመረው። ያም ሆኖ ግራውንት እጅ የነበረው የሟቾችና ክርስትና የተነሱ ሕፃናት ቁጥር ብቻ ነው። የእኛ እድር መዝገብ ይበልጠዋል፤ ያልሞተውንም ያውቃል፣ ቢያንስ እስከ ለቀቀበት ቀን ድረስ።

ዋናው ጣጣ እሱ የለቀቀው ሰው ነው። አሥር ሰው አብረው ገቡ እንበል። አንዱ አረፉ። ሁለቱ ከተማ ቀየሩ። ከቀሩት ሰባት ደግሞ አንዱ አረፉ። ስንት በመቶው በሕይወት አለ? የለቀቁትን ሁለቱን አሉ ብለህ ብትቆጥር 80 በመቶ። ጨርሶ ብትተዋቸው ከስምንት ስድስት፣ 75 በመቶ። ሁለቱም ልክ አይደለም። የለቀቁት እስከ ለቀቁበት ቀን ድረስ አለመሞታቸውን አይተናል፤ ከዚያ ወዲያ አናውቅም። ስለዚህ በየሞቱ ቀን ላይ ቆመህ፣ ያን ቀን ከነበሩት ስንቱ ተረፉ ትላለህ። መጀመሪያ ከአሥር ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ከሰባት ስድስት። ታባዛለህ። 77 በመቶ ገደማ። አለቀ። ለዚህ ነው ሰው ደመወዝ የሚከፍለኝ።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተሙት ካፕላንና ማየር ናቸው። ደስ የሚለኝ ሲጀምሩ አብረው አለመሆናቸው ነው። ካፕላን ቤል ላብስ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ የምርምር ተቋም ሆኖ፣ ባሕር ሥር በተዘረጋ የስልክ ኬብል ላይ ድምፅ እንዲያጎሉ የሚገጠሙት ቫኩም ቲዩቦች ምን ያህል እንደሚቆዩ ያጠና ነበር። ማየር የተነሳው ስለ ካንሰር ሕሙማን ዕድሜ ከተጻፈ ጥናት ነው። ለአንድ መጽሔት ተቀራራቢ ጽሑፍ ላኩ፤ አንድ አድርጉት ተባሉ። እስኪስማሙ አራት ዓመት ፈጀ። ለሒሳቡ ቲዩብ ተቃጠለም ሰው ሞተም ያው ነው። ድንኳን የሚተክል ሒሳብ የለም።

ሌሎች ዘዴዎች "ሞት ይህን ቅርጽ ይከተላል" ብለው ፎርሙላ ይዘው ይመጣሉ። ይሄኛው ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። በሕይወት ያሉትን ድርሻ የሚያሳየው መስመር ሰው በሞተበት ቀን አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ሰው ሲለቅ አይወርድም፣ ግን የሚቀጥለው ደረጃ ይበልጥ ወደ ታች ይጠልቃል። ሰው በደህና በሚያረጅበት አገር ኩርባው ሲሣል የእኛን መንገድ ይመስላል። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር በሜዳው ትጋልባለህ፤ ዋሻውን ስታልፍ መሬቱ ይከዳሃል። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ከ1,500 ሜትር በላይ ወርደሃል፣ ጃኬትህንም አውልቀሃል።

ጭራው ላይ ሲደረስ ነው ነገሩ የሚከፋው። የቀሩት ሁለት ከሆኑና አንዱ ካረፉ መስመሩ ባንዴ በግማሽ ይወርዳል። ተማሪዎቼን "ጭራውን አትመኑ" እያልኩ ጉሮሮዬ ደርቋል። የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቀይ መስመር ያልነካቸው ጥቂት ስሞች ቀርተዋል። አንዷ እማዬ ናት። ገጹን ቶሎ ገለጥኩት።

ሌላም ክፍተት አለ። እድር የሚገባው ጎጆ ወጥቶ፣ ወልዶ ከብዶ ነው። በሃያ ዓመቱ የሞተ ጎረምሳ በራሱ ስም እዚህ መዝገብ ላይ የለም። ዝም ብሎ መዝገቡን ያየ ሰው የእኛ ሰፈር ልጅ አይሞትም ሊል ይችላል። ለዚህ መላ አለው፤ ሰውን መቁጠር የምትጀምረው ከገባበት ዕድሜ ነው። እዚህ አላደክማችሁም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። በ1984 ዓ.ም. የገቡ ሴትዮ። ሳጥኖቹ ሁሉ ምልክት አላቸው፣ ዓመት ከዓመት። መጨረሻ አካባቢ ግማሽ ተከፍሏል፣ ግማሽ፣ እንደገና ግማሽ። ከዚያ ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ከዚያ ከዳር እስከ ዳር ቀይ መስመር፤ መስመሩ በማስመሪያ ነው የተሰመረው፣ ሳይጣደፉ። ምርመራው ላይ "በደንቡ መሠረት ተሰርዘዋል"።

"ጋሼ፣ እኚህ ምን ሆነው ነው?"

"እሳቸውማ ታመሙ መሰለኝ። ጧሪ የላቸውም፣ ማን ይክፈልላቸው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ከመዝገብ ወጡ። እኛ በምን እናውቃለን።"

ይቺ "በምን እናውቃለን" ሆዴ ገባች። የካፕላንና ማየር ዘዴ የሚሠራው የሄዱት ከቀሩት ጋር አንድ ዓይነት ዕጣ ካላቸው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ የሄዱት ይሁን ግድ የለም። ታመው መክፈል ያቃታቸው ግን የሄዱት ሊሞቱ ስለተቃረቡ ነው። እሳቸውን እንደ ማንኛውም የለቀቀ ሰው ስቆጥር፣ ከቀሩት ጤነኞች ዕድሜ ቆርጬ አበደርኳቸው ማለት ነው። መስመሬ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እድሩ የተሻለ ያኖራል ያስብላል!

ደግሞ የሚያበሳጨው፣ መዝገቡን እያየህ ይህን ማወቅ አትችልም። ጺያቲስ የሚባል ስታቲስቲሺያን እ.ኤ.አ. በ1975 በሒሳብ አሳይቶታል፦ ሰዎች የጠፉት ሊሞቱ ስለተቃረቡ ይሁን እንዲያው በአጋጣሚ፣ እጅህ ላይ ያለው ዳታ ብቻውን አይለይልህም። ብዙ ዳታ ብትሰበስብም ያው ነው። የምትችለው ሁለቱን ዳር መያዝ ነው፤ የተሰረዙት ሁሉ በማግስቱ አረፉ ብለህ አንድ መስመር፣ ሁሉም እስከ ዛሬ አሉ ብለህ ሌላ መስመር። እውነቱ መሐል ላይ ነው። አንዳንዴ መሐሉ ከብት ያሰማራል።

ወይም ደግሞ ሄደህ ትጠይቃለህ። በአፍሪካ የኤችአይቪ ሕክምና ያቋረጡ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄደው ያፈላለጉ አሉ፤ ከተገኘው ወሬ ቀላል የማይባለው የሞት ነበር። የእኛ ተማሪዎች ግን "ክትትል ያቋረጡት በአጋጣሚ ነው ብለን ወስደናል" የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ያልፋሉ። ፈታኞችም እናልፋለን። ወግ ሆኗል። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስንት ሰው እንደተሸከመች ማን ይቁጠር?

ጋሽ ተ. ዝምታዬ አሳስቧቸው "ምን አገኘህበት?" አሉኝ። በአጭሩ ነገርኳቸው። በደንብ አዳመጡና "ታዲያ ለእኔ ስንት ዓመት ቀረኝ ይላል?" አሉ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለአንድ ሰው አይናገርም። የሁላችሁን አንድ ላይ ነው የሚያውቀው።"

"እንዲያማ ከሆነ ጠንቋዩ ይሻላል፤ ቢያንስ ለየብቻ ይዋሻል።"

መልስ አልነበረኝም። ለአሥራ ምናምን ዓመት ተምሬ!

ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ራሴን መዝገብ ላይ ጻፍኩት። ስም፣ እኔ። የገባበት ቀን፣ ዶክትሬት የጀመርኩበት መስከረም፤ ዓመቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ዝም በሉ። የሚጠበቀው ክስተት፣ ምረቃ። እስካሁን አልደረሰም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን፣ ለአማካሪዬ ኢሜይል የመለስኩበት፤ እሱም ከፋሲካ በፊት ነው። አማካሪዬ ጥሩ ስታቲስቲሺያን ናቸው። እና መጥፋቴን በአጋጣሚ ነው ብለው ይወስዱልኝ ይሆን?