በሦስት አባዛው

አክስቴ ሂሳብ ስትሠራ ዓይኗን ትጨፍናለች። ካልኩሌተር ለሷ ስድብ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ግቢዋ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ፣ ደብተሬን ዞር ብላ ሳታይ «ለጅቡቲው ጉዞ ስንት ይዘሃል?» አለችኝ።

«30,000 ብር።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«90,000 ፍራንክ። በሦስት አባዛው፣ በቃ። ትንደላቀቃለህ ልጄ።»

አመንኳት። ለምን አላምናት? አያቴ የሸማንደፌር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ወጣትነቷን ሙሉ ለንግድ ጅቡቲ ስትመላለስ ነው የኖረችው። ለነገሩ ድሬም ብትሆን ከተማ የሆነችው፣ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በፈረንጅ 1902 እዚህ ስለደረሰ ነው። ለኛ ጅቡቲ የጎረቤት ጓሮ ናት። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ርካሽ ዕቃ ባየን ቁጥር «ከጅቡቲ የመጣ ነው» እየተባልን አድገናል። ርካሹ ዕቃ ከዚያ ከመጣ እዚያማ በነፃ ነው የሚታደለው ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ደምድሜያለሁ። ሄጄ ግን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አምና ነሐሴ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ ለሦስት ቀን ልሄድ ተነሣሁ። ነሐሴ! ጅቡቲዎቹ ራሳቸው ሙቀቱን ሸሽተው ወደኛና ወደ ሐረር በሚወጡበት ሰዓት እኔ ቁልቁል። ይሄኛው ስህተት የአክስቴ አይደለም፤ የራሴ ነው።

በጀቱን ደብተር ላይ አሳምሬ አሰመርኩ። አልጋ፣ ምግብ፣ ታክሲ፣ ስጦታ። «መዝናኛ» የሚል ረድፍ ሠርቼ 20,000 ፍራንክ ሰጠሁት። «ላልታሰበ ነገር» ብዬ ደግሞ 10,000። ያልታሰበው ነገር ራሱ በጀቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? የአውቶቡስ ቲኬት ደርሶ መልስ ከፈልኩ። ሰፈሩ ሰማ። አንዷ ሽቶ አለች፣ ሌላዋ የዱቄት ወተት፣ አንዱ «እንዲያው ካየህ ብቻ» ብሎ የጫማ ቁጥሩን ላከ።

ከዚያ ዶላር ልገዛ ባንክ ሄድኩ።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ፊቷ አዲስ አልሆነብኝም። ደብተሬን ዘርግቼ ስንት ዶላር እንደሚያስፈልገኝ አሳየኋት። አነበበች። ቀና ብላ አየችኝ። እንደገና አነበበች።

«ቲቸር፣ ይሄን ሂሳብ ማን ሠራልዎት?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ልጅቷ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ናት።

ዶላሩ ከ130 ብር በላይ መሆኑን በትህትና ነገረችኝ። አክስቴ ለመጨረሻ ጊዜ ጅቡቲ ስትሄድ 50 ምናምን ብር ነበር። ያኔ በሦስት ማባዛቷ ልክ ነው፤ ንቅንቅ የማይል ሂሳብ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ግን እሷ አልሄደችም፣ ማባዣዋም አብሯት እቤት ቀርቷል። ፍራንክ ደግሞ ደረቅ ገንዘብ ነው። በፈረንጅ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ። ከነጥብ በኋላ ያለችው እንኳን አትነቃነቅም።

ተቆራርጦ 208 ዶላር እጄ ገባ። በፍራንክ ወደ 37,000። የአክስቴ 90,000 እዚያው ዛፉ ጥላ ሥር ቀረ። «ልተወው?» አልኩ። ቲኬቱ ተቆርጧል። የጫማ ቁጥር ተልኳል። የድሬ ልጅ እንዴት አቦ ከሰፈር ሳይወጣ ይመለሳል?

አውቶቡሱ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተነሣ፤ በቀን ያ በረሃ አይሞከርም። ድንበሩን ደወሌ ላይ አልፈን ጠዋት ጅቡቲ ገባን። በሩ ሲከፈት ፊቴን የመታኝ አየር፣ ድፎ የሚጋገርበት ምጣድ አክንባሎው ሲነሳ የሚወጣው ዓይነት ነው። መንገድ ዳር በርጩማ ላይ ከተቀመጡት መንዛሪ ሴቶች ዘንድ ዶላሬን ዘረዘርኩ። ማናቸውም ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ሁሉም ካልኩሌተር አላቸው።

ሆቴሉ ጋ ባለቤቱ ሁለት ዋጋ ነገረኝ። ክፍሉ በቫንቲላተር 7,000፣ በኤሲ 9,500። በልቤ ሳቅሁበት። እኔ ነሐሴን ድሬ ደቻቱ ወንዝ ዳር ኳስ እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። «ቫንቲላተር» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሰውየው ትከሻውን ሰበቀና ቁልፉን ሰጠኝ። የሁለት ሌሊት 5,000 ፍራንክ አተረፍኩ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ከሥሩም አሰመርኩበት።

የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው። የጅቡቲው ከባሕር የሚመጣ፣ እርጥብ፣ ሰው ላይ የሚለጠፍ ነው። ቫንቲላተሩ ደግሞ አየር አያመጣም፤ ያንኑ ትኩስ አየር ከራስጌ ወደ ግርጌ ያመላልሰዋል። አንሶላውን ውሃ ውስጥ ነክሬ ለበስኩት። በሩብ ሰዓት እሱም ሞቀ። ከዘበኛው ፍሪጅ አንድ ጠርሙስ ውሃ በ150 ፍራንክ ገዛሁ። ከዚያ ሌላ። በአራተኛው ላይ ዘበኛው በሩን ሳላንኳኳ ይከፍትልኝ ጀመር። በስድስተኛው ላይ «ኤሲ?» አለኝ፣ እንደ ሐኪም።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሁለቱንም ሌሊት ልዩነት ከፍዬ ባለ ኤሲው ክፍል ገባሁ። 5,000 ለኤሲ፣ 900 ለውሃ። ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የጅቡቲ መብራት ብዙው ከኢትዮጵያ ነው የሚመጣው፤ መስመሩም የተዘረጋው ከድሬዳዋ ነው። ድሬ ቤቴ መብራት በጠፋ ቁጥር በጨለማ የምቀመጠው ሰውዬ፣ ያንኑ መብራት ተከትዬ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዤ በፍራንክ እየገዛሁት ነው።

በማግስቱ ዓሣ ልብላ አልኩ። የየመን አሠራር ነው፤ ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቀው ይዘረጉትና ቀይ ቅመም ለቅልቀው የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይጠብሱታል። ከጋዜጣ የሚሰፋ ስስ ቂጣ አብሮ ይመጣል። ዋጋው ላይ አፍጥጬ ቆሜ ሳለ አስተናጋጁ ከኋላዬ መጣ።

«ወሪያ! የድሬ ልጅ አይደለህ?» አለኝ በአማርኛ።

«በምን አወቅህ?»

«ዋጋ ስታነብ ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል።»

የድሬ፣ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። ተቃቀፍን፣ ስንት የጋራ ሰው ቆጠርን። ያዘዝኩት የ3,000 ፍራንክ ዓሣ ብቻ ነበር። እሱ ግን «ለአገሬ ልጅማ!» እያለ ሰላጣ አመጣ፣ በማርና በሙዝ የተለወሰ ሙክባዛ አመጣ፣ ጁስ አመጣ። እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። ይሄን የመሰለ ደግ ሰው ከአገር ውጭ! ሰላጣው ላይ ያለችውን ቲማቲም ሳይ እሷም ያገሬ ልጅ መሰለችኝ። ጫቱ በየቀኑ ከኛ ተራሮች ነው የሚሄደው፣ አትክልቱ ከኛ፣ ከሚጠጡት ውሃ ከፊሉ እንኳን ከሐዲጋላ በቧንቧ ነው የሚደርሳቸው። ሁሉም ነገር የኛ ነው። ዋጋው ብቻ የነሱ።

ሂሳብ ስጠይቅ 5,200 መጣ። ሰላጣው አለበት፣ ሙክባዛው አለበት፣ ጁሱ አለበት። የአገሬ ልጅ አጠገቤ ቆሞ በፍቅር ፈገግ ይላል። ፈገግ አልኩለት። «ማታም ና እሺ!» ብሎ እስከ በር ሸኘኝ። ማታ ሌላ መንገድ ዞሬ ነው ያለፍኩት።

«መዝናኛ» የሚለው ረድፍ ዜሮ ስለገባ ነፃ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። ምኒልክ አደባባይ ሄድኩ። ከተሜው አሁንም በዚያ ስሙ ይጠራዋል እንጂ የነፃነት ቀናቸውን፣ የጁን 27 1977ን ስም ነው የያዘው። ቅስት ቅስት ያላቸው ነጫጭ የድሮ ሕንፃዎች፣ ከሥራቸው ጥላ። አንድ ወንበር ላይ ዐረፍ አልኩ። አደባባይ ላይ መቀመጥ በነፃ ነው አይደል? ወንበሩ ግን የካፌ ኖሯል። ደቂቃ ሳይሞላ አስተናጋጅ ከነሜኑው ፊቴ ቆመ። 600 ፍራንክ፣ አንድ ለስላሳ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠጣሁት። በረዶውንም አኘክሁት።

ስመለስ የቀረኝ 4,000 ምናምን ፍራንክ ነበር። አንድ ሱቅ ገብቼ ያንን የታዘዝኩትን ሽቶ ጠየቅሁ። ዋጋውን ሲነግረኝ ብልቃጡን ሳልነካ እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ድሬ ጠዋት ነው የገባሁት። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ባጃጅ ተሳፈርኩና ቀጥታ ታይዋን። ያው ሽቶ፣ ያው ካርቶን፣ ከጅቡቲው በርካሽ! ሁለት ሽቶ፣ አንድ የዱቄት ወተት፣ ቴምር ገዛሁ። ቀሪ ደሞዜ እዚያው አለቀ። ጫማውን «አላየሁም» ብያለሁ፤ ልብ ብሎ «እንዲያው ካየህ» ነው ያለኝ።

ያዘዘችኝ ጎረቤቴ ሽቶውን አንገቷ ላይ ነፋችና ዓይኗን ከደነች። «አቦ፣ እዚያው የተገዛ ዕቃ ሽታው ያስታውቃል! ታይዋን ያለው እኮ እንዲህ አይደለም።»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

አክስቴ ጋ የደረስኩት ከሰዓት ነው። እዚያው ፍራሽ ላይ ናት። ብልቃጡን አገላብጣ አየችው።

«ስንት ፍራንክ ገዛኸው?»

ጅቡቲ ሱቅ የሰማሁትን ዋጋ ነገርኳት። «6,000።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«ለሦስት ሲካፈል… 2,000 ብር! በነፃ ነው በለኛ!» ዓይኗን ገለጠች። «ለጥምቀት አብረን እንሄዳለን። ደብተሩን ለኔ ስጠኝ፣ ሂሳቡን እኔ ነኝ የምይዘው።»