ባትሪውን የደበቅንበት እንቁጣጣሽ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ፣ ወዳጆቼ! ጎንደር ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ንጋት ላይ አባራ። አበባ ይዘው የመጡት የሰፈር ልጆች ዘንድሮ «ጋሼ» ማለት ጀምረውኛል። ብሩን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ቅሬታዬ ግን እንዳለ ነው።

ዛሬ ተዋናይት ሰብለ ተፈራ ካረፈች ዐሥር ዓመት ሞላ። መስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ነበር፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ በመኪና አደጋ። ወሬው እኛ ቤት ሲደርስ እናቴ ጓዳ ሆና ዶሮውን ታወጣለች። ታናሽ ወንድሜ ምንም ሳይናገር የሬዲዮኗን ባትሪዎች አውጥቶ ኪሱ ከተተ። በበዓል ቀን መርዶ አይነገር! መብራትም ጠፍቶ ስለነበር ቴሌቪዥኑ አላሰጋንም፤ በመብራት መጥፋት የተደሰትንበት ብቸኛ ቀን እርሱ ይመስለኛል።

በማግስቱ ማለዳ «የ‹ቤቶች› ትርፌ ሞተች» አልናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ «እማማ ጨቤስ ሰምተው ይሆን?» አለች።

እናቴ ትርፌን በእነ ጥላሁን ጉግሳ የቴሌቪዥን ድራማ በ‹ቤቶች› በመልክ ታውቃታለች፤ እማማ ጨቤን ደግሞ በሬዲዮ፣ በድምፅ ብቻ። እኩያዋ አድርጋቸው ነበር። ሽንኩርት እየከተፈች ስትመልስላቸው፣ አንዳንዴም ስትቆጣቸው ሰምተናታል። ሁለቱም አንዲት ሰብለ መሆናቸውን ስንነግራት አልተቀበለችንም። «ያላረጀ ሰው ይህን ድምፅ ከየት ያመጣዋል?» ብላ ተከራከረች። ስታምን ደግሞ ልቅሶው ባሰ፤ «እንግዲያው ሁለት ሰው ነዋ የሞተብኝ!»

ስለ ሰብለ ችሎታ ከዚህ የተሻለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም። እርጅናን በድምፅዋ ብቻ ኖረችው። እናቴ ሙሉውን፣ ከነጉልበት ሕመሙና ከነምርቃቱ ኖራ፣ ባለፈው ሐምሌ አረፈች።

ስለዚህ የዘንድሮ ምስጋናዬ ለጥቂት ሰዎች ነው። ከእኔ ጋር ሌሊት እየተፈራረቀች ላስታመመቻት ጎረቤታችን፤ ስሟን ብጽፍ ስለምትቆጣኝ አልጽፍም። በዚያ ዝናብ ድንኳኑን ለተከሉት የዕድር ልጆች። መንገዱ አላሳልፍ ብሏት ለቀብር ላልደረሰችው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ አብራን ላለቀሰችው አክስቴ። የከርሞ ሰው ይበላችሁ፤ አክስቴ፣ ለአንቺ ደግሞ መንገዱን ይክፈትልሽ።

ዛሬ መሪ የጨበጣችሁ ሁሉ፣ የዶሮ ወጡ አይሸሽም፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ስትደርሱ ደውሉ። ባትሪ የሚያስደብቅ ወሬ አታሰሙን።

ወንድሜ ጠዋት አዲስ ባትሪ ገዝቶ የእናታችንን ሬዲዮ ከፍቶታል። ድምፁን ልክ እንደ እርሷ አስጩሆት ጎረቤት ከአጥር ማዶ «ቀንሱት!» እያለ ነው።