ጥይቱ ከገበያ ለጠፋ ጠመንጃ ቀለህ ማጠራቀም

ብርቅ ካሊበር (የጥይት ልክ) ያለው የአደን ጠመንጃ ሲኖራችሁ ዋናው ችግር የጥይቱ ዋጋ አይደለም። ዋጋው ከተለመዱት ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢሆንም ቆጥባችሁ ትከፍሉታላችሁ። የሚያበግነው ገንዘቡን ይዛችሁ ሄዳችሁ "የለም፣ መቼ እንደሚመጣም አናውቅም" መባሉ ነው። የእኔው ማንሊኸር ሾናወር 6.5 በ54 ነው (ስፋቱ በስም 6.5፣ የቀለሁ ርዝመት 54 ሚሊ ሜትር ገደማ)፤ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጣ ሞዴል። በጣም የምወደው ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱን ግን የሚያመርቱት ጥቂት ናቸው።

ለምን እንደሚጠፋ ማወቄ ብዙ ረድቶኛል። ፋብሪካ ጥይት የሚያመርተው በዙር ነው። ለአንድ ካሊበር ማሽኑ ሲስተካከል የቅርጽ ማውጫው ይቀየራል፣ ልኩ ይፈተሻል፣ ይህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ብዙ ሰው ለሚተኩሳቸው ለ.308 ወይም ለ.30-06 ከሆነ ገበያው ወዲያው ይውጠዋል። ለእኔው ካሊበር ግን አንድ ዙር ከተመረተ ያ ተሸጦ እስኪያልቅ ማሽኑ ወደ እሱ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጥቶ ፍላጎት ሲንር ደግሞ ፋብሪካዎች ቅድሚያ የሰጡት ብዙ ለሚሸጠው ነበር፤ የእኛዎቹ ከወረፋው ጭራ ተሰለፉ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ጠመንጃው በትክክል ምን እንደሚፈልግ ማጣራት ነው። የዚህ ጠመንጃ ካዝና እየዞረ የሚያጎርስ ነው፤ እያንዳንዱ ጥይት የራሱ ጎድጓዳ ላይ ይተኛል። የተሠራውም ለረጅም፣ አፍንጫው ክብ ለሆነ 10.4 ግራም ገደማ ለሚመዝን አረር ነው። አጭርና ሹል አረር ያለው ጥይት ካዝናው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ሲጎርስም ጫፉ ይነቅፋል። ስለዚህ "6.5 ነው" ተብሎ የተገኘ ሁሉ አይገዛም።

የአፈሙዙን ውስጥ ስፋትም ለካሁ። ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ለስላሳ የእርሳስ ኳስ ከጫፉ አስገብቼ በእንጨት ዘንግ ቀስ እያልኩ ገፋሁት፤ የወጣውን በማይክሮሜትር ለካሁት። የድሮ ጠመንጃ ያላችሁ ይህን አትዝለሉት። 8 በ57 ማውዘር የሚባለውን ካሊበር ብናይ አንዱ ዓይነት የሚወስደው 8.08 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሌላው 8.2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ አረር ነው። ወፍራሙ በጠባቡ ውስጥ ሲተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ ጠመንጃውንም ተኳሹንም ይጎዳል።

ከዚያ ግዢው መጣ። ጥይት ሲገኝ በሳጥን በሳጥን መግዛት ትቼ አቅሜ የቻለውን ያህል በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር ገዛሁ። የምርት ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ታትሟል። ቁጥሩ ሲቀየር አረሩ የሚያርፍበት ቦታም ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ማነጣጠሪያውን እንደገና ለማስተካከል ሌላ ውድ ጥይት ታባክናላችሁ። እንደ ሰርቢያው ፕርቪ ፓርቲዛን ያሉ ፋብሪካዎች ብዙ ያረጁ ካሊበሮችን ስለሚያመርቱ ፍለጋ ስትጀምሩ ካታሎጋቸውን ማየት ጥሩ ነው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ቀለሁን፣ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረውንና እንደገና የሚሞላውን የናስ ቅርፊት፣ እንደ ሀብት ማየት ስጀምር ነው። አረሩ ያን ያህል አያስቸግርም፤ የ6.5 አረር ስፋቱ ዛሬ በየቦታው ካለው 6.5 ክሪድሙር ከሚባለው ጥይት ጋር አንድ ነው፣ ክብ አፍንጫውና ከባዱ ብቻ ነው ፈለግ ፈለግ የሚያሰኘው። ባሩድና ፕራይመርም (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን) ለብዙ ካሊበር የሚሆኑ ናቸው። ቀለሁ ግን የዚህ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ከጠፋ በቃ ጠፋ። እና አሁን ስተኩስ መዝጊያውን ቀስ ብዬ እስባለሁ፣ ቀለሁ ሣር ውስጥ ሳይወድቅ በእጄ እቀበለዋለሁ።

የተተኮሰውን ቀለህ በአዲስ ፕራይመር፣ ባሩድና አረር ራሴ መሙላት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። በአንዳንድ አገር ፈቃድ ይጠይቃል፣ ቀድማችሁ አጣሩ። የባሩድ መጠን የሚወሰደው ከባሩዱ ወይም ከአረሩ አምራች መመሪያ ብቻ ነው፤ ከጓደኛ አፍ አይወሰድም። የድሮ ቀለህ ካገኛችሁ ውስጡን በባትሪ እዩት። መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው የተለመደው መሣሪያ ይሠራለታል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉት በርዳን የሚባለው ነው፣ አሮጌውን ፕራይመር ለማውጣት ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል፤ እኔ ትቼዋለሁ።

ቀለህ ዕድሜ አለው። ጫፉን ያጠፍኩትን ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገብቼ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እዳስሳለሁ። ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ሽቦው መስመር ላይ ከነቀፈ ናሱ እዚያ ጋ ሳስቷል ማለት ነው። ያ ቀለህ የቱንም ያህል ብርቅ ቢሆን ይጣላል፤ ሲተኮስ ተበጥሶ ግማሹ የጥይት ቤቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። አንገቱ ደግሞ ሲሰፋና ሲጠብ ይደርቅና ይሰነጠቃል። አንገቱን ብቻ በእሳት ማለዘብ ዕድሜውን ያረዝመዋል፣ መቀመጫው ግን በፍጹም መሞቅ የለበትም፤ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም።

ልምምዱን .22 ሎንግ ራይፍል ወደሚባለው ትንሽ ጥይት አዙሬዋለሁ። ቃታ መሳብን፣ ትንፋሽ መያዝንና አቋምን የሚያስተምረው ርካሹ ጥይት ነው። ለማንሊኸሩ የቀረው ከአደን በፊት ማነጣጠሪያውን ማረጋገጥና አደኑ ራሱ ነው። አደን ላይ የሚተኮሰው ጥይት ደግሞ በጣም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ያጠራቀምኩት ቀለህ ለረጅም ጊዜ ይበቃኛል።

ብርቅ ጠመንጃ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ቀለሁንና ዳዩን (ሲሞላ ቀለሁን ወደ ልኩ የሚመልሰውን የብረት ቅርጽ) ፈልጉ፣ ከተገኙ በኋላ ስለ ጠመንጃው ዋጋ ተነጋገሩ። ሻጩንም ከጠመንጃው ጋር የቀረ ባዶ ቀለህ እንዳለው ጠይቁት፤ ብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ ረስቶት ነው የሚሸጠው። የምትሸጡ ከሆነም ቀለሁን፣ ዳዩንና የሞከራችሁትን የጻፋችሁበትን ደብተር አብራችሁ ስጡት፤ ገዢው እነሱን ለማግኘት ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል።