ቁጥቋጦውን ያስመነጠርኩት እኔ ነበርኩ

በአንድ ሰፊ እርሻ የሰብል ባለሙያ ሆኜ የተቀጠርኩ ሰሞን ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «የባከነ» ባልኩት መሬት ላይ ነበር። በማሳዎቹ መካከል ዳዋ የዋጠው ድንበር፣ ከቦዩ ዳር የበቀለ ቁጥቋጦ፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ አንድ ጥግ። ሥራ አስኪያጁን አሳመንኩና ሁሉም ተመንጥሮ ታረሰ። ትራክተሩ ያለ መሰናክል ከዳር እስከ ዳር ሲሄድ ማየት፣ አልዋሽም፣ ደስ ይል ነበር። ፀረ ተባይ ርጭቱንም በጊዜ ሰሌዳ አደረግኩት፤ ተባይ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ ማለዳ ይረጫል።

በዓመቱ ስንዴው ጥሩ ምርት ሰጠ። ስንዴ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የንብ ደጅ አይጠናም፤ እኔን ያታለለኝም እርሱ ነው።

የከዳኝ ዱባው ነው። ቅጠሉ ጃንጥላ አክሎ ሳለ ፍሬው አውራ ጣት ሳያህል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ የተረፈውም በአንድ ጎኑ የሰለለ ነው። ማዳበሪያ አነሰው ብዬ ናይትሮጂን የሞላበትን ዩሪያ አስጨመርኩ። ናይትሮጂን የበዛበት ዱባ ደግሞ ፍሬውን ትቶ ሐረጉን ያሳድጋል፤ ቅጠሉ ይበልጥ ለመለመ፣ ፍሬው መርገፉን ቀጠለ።

በመስኖ ሥራ ያረጁ አንድ አባት፣ «ልጄ፣ ይህ ማሳ ድምፁ ጠፍቷል እኮ» አሉኝ። «ድሮ ጠዋት ውኃ ስመልስ ንቡ ጆሮዬ ላይ ነበር።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ዱባው መካከል ተቀመጥኩ። የዱባ አበባ በማለዳ ተከፍቶ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል። ወንዴውና ሴቴው በአንድ ሐረግ ላይ የሚወጡ የተለያዩ አበቦች ናቸው፤ ፍሬ እንዲያዝ ወደ ሴቴው መድረስ ያለበት የወንዴው አበባ ዱቄትም ከባድና የሚያጣብቅ በመሆኑ ነፋስ አያነሳውም፣ ተሸካሚ ይፈልጋል። እስከ 4 ሰዓት የቆጠርኩት ሦስት ንብ ነው። የወንዴው አበባ ዱቄቱን እንደተሸከመ ጠወለገ።

ከዚያ በ20 ሴቴ አበቦች ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። ለ10ሩ የወንዴውን ዱቄት በትንሽ ብሩሽ ቀባሁላቸው፣ 10ሩን ተውኳቸው። በሳምንቱ ከቀባኋቸው ዘጠኙ ፍሬ ይዘዋል፤ ከተተዉት ሁለቱ።

በዓለም ከሚመረቱት 115 ዋና ዋና የምግብ ሰብሎች 87ቱ ምርታቸው ይብዛም ይነስ ዱቄት በሚያመላልሱ እንስሳት እንደሚታገዝ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ብዙዎቹ የዱር ንቦች ባልታረሰ አፈርና በደረቀ አገዳ ውስጥ እንደሚራቡ፣ ትናንሾቹም ከጎጇቸው ከጥቂት መቶ ሜትር በላይ ርቀው እንደማይሄዱ አውቅ ነበር። ድንበሩን ሳሳርስ ግን ይህ ሁሉ አልታወሰኝም።

ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ ቀፎ እንግዛ» አለ። ማለዳ መርዝ በሚረጭበት ማሳ ላይ ንብ ማስፈር ምን ይረባል? ደግሞስ ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ ማን ይበላዋል? እርሱን ይቀንሱልን የነበሩት ጥንዚዛዎችና ጥገኛ ተርቦች መጠጊያቸው ያው ቁጥቋጦ ነበር፤ ከተመነጠረ ወዲህ የርጭቱ መጠን የጨመረውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

ርጭቱ ተባዩ በአሰሳ ሲገኝ ብቻ፣ እርሱም አመሻሽ ላይ እንዲሆን ተደረገ። ድንበሩም ዳግም ተተከለ። ችግኙ እስኪያድግ ግን ዱባው አይጠብቅምና ስድስት ሠራተኞች በየማለዳው ብሩሽ ይዘው ከአበባ አበባ ያጎነብሱ ጀመር። የወሩ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ሹሙ የክፍያ ቅጹን ይዞ መጣና «የሥራው ዓይነት በሚለው ላይ ምን ብዬ ልሙላ?» ሲል ጠየቀኝ።