በወረቀት ቢላዋ መሳል

ለፋሲካ ከመንዝ የመጣው አባቴ ደብረ ብርሃን ያለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ሲመለከተኝ ቆየና፣ «ብረት በወረቀት ተስሎ አያውቅም» አለ። መልስ አልሰጠሁትም። ቅዳም ሥዑር ነው፤ የጎረቤቱ ቢላዋና ካራ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በፌስታል ታስሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተከምሯል። በዚያ ሌሊት ደንዛዛ ቢላዋ ይዞ ማደር የሚፈልግ የለም።

መሳያዎቹ እውነትም ወረቀት ናቸው። ተደራርቦ፣ በሙጫ ተጣብቆና ተጨምቆ እንደ እንጨት የጠነከረ ክብ ወረቀት። ስፋታቸው 8 ኢንች፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለት ናቸው። የአንደኛው ጠርዝ ላይ ሲሊከን ካርባይድ የሚባለው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ አሸዋ በሙጫ ተነስንሶበታል። ሁለተኛው አሸዋ የለውም፤ ጠርዙን እንደ ደረቅ ሳሙና ያለ ነጭ ማወልወያ እቀባዋለሁ። የመጀመሪያው ይስላል፣ ሁለተኛው ያለሰልሳል።

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ። የመሃል ቀዳዳቸው 15.9 ሚሊ ሜትር፣ መሳያዎቹን የሚያዞረው የእኔ ሞተር ዘንግ ደግሞ 16። ለዚያች አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ስል ቀኑን ሙሉ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ዋልኩ። ቶርኖ ቤት ልወስደው አስቤ ነበር፤ «ወረቀት አስፉልኝ» ብዬ መግባቱ አሳፈረኝ።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት በመጀመሪያው ቀን ነው። የተለመደው የድንጋይ መሳያ ከላይ ወደ ሰውየው ይዞራል። እኔም በለመድኩት መንገድ የቢላዋውን ስለት ፊት ለፊት ሰጠሁት። ስለቱ ወረቀቱን ነከሰና ቢላዋው ከእጄ ተነጥቆ የእንጨት ፍቅፋቂው ውስጥ ተሰካ። መሳያው ላይ የቀረው ጭረት እስከ ዛሬ አለ። ወረቀት መዞር ያለበት ከስለቱ እየሸሸ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከነመቆሚያው ወደ ኋላ አዞርኩት፤ ማብሪያው በወዲያኛው በኩል ስለቀረ ግድግዳው ላይ ሌላ አስገጠምኩ።

ከዚያ በኋላ ያስቸገረኝ ሙቀቱ ነው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ስለሆነ ሞተሮቻችን ከእነሱ ትንሽ ይዘገያሉ። ያም ሆኖ የእኔው በደቂቃ ወደ 2900 ጊዜ ስለሚዞር የመሳያው ጠርዝ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል ይሮጣል። ግማሹን፣ 1450 የሚዞረውን ብገዛ ይሻለኝ ነበር፤ ፈጣን ይሻላል ብሎ ያሳመነኝ ራሴው ነኝ። የአንዲት ጎረቤታችንን ቢላዋ ስስል ጫፉ ላይ መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ ታየ፣ ዓይኔን ሳልነቅል ሰማያዊ ሆነ። ብረት 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ የቢላዋ ጫፍ ደግሞ እዚያ ከደረሰ ይለሰልሳል፣ ቢስሉትም ስለት አይቆይበትም። እትዬ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን አዲስ ገዝቼ ሰጠኋቸው።

አሁን አሸዋማውን መሳያ ሰም አስልሰዋለሁ፤ ብረቱ ሳይግል ይንሸራተታል፣ የብረት ብናኝም አሸዋው ላይ አይጣበቅም። ሰሙን የማገኘው ክሩን መዝዤ ካወጣሁት ጧፍ ነው። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ቢላዋውን የምይዘው ያለ ጓንት ነው፤ ጣቴን ካቃጠለው ለስለቱም በዝቷል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሦስት አራት ጊዜ ከእጀታው እስከ ጫፉ ሳልፍበት በወዲያኛው ገጽ ጥፍሬን የሚይዝ ቀጭን የታጠፈ ብረት ይወጣል። ሲወጣ አገላብጬ ሌላውን ገጽ እስላለሁ። ነጩ መሳያ ያንን የታጠፈ ብረት ያነሣዋል፤ ቢላዋው ጋዜጣ ሳይንቀጫቀጭ የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ክምሩ ሲያልቅ አባቴ ከጆንያው መጥረቢያውን አወጣ። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ የወይራ ጉጥ መሃሉ ላይ ሁለት ቦታ የሸረፈው። እንዲህ ያለ ሽራፊ ለወረቀት አይሰጥም፤ አሸዋውን ይገፈዋል። በሞረድ ሽራፊው እስኪጠፋ ፋቅሁትና ወደ ሞተሩ ሄድኩ። መጥረቢያን እንደ ቢላዋ አቅጥኖ መሳል የጀማሪ ደስታ ነው፤ አንድ ቀን ይላጫል፣ በማግስቱ ጉጥ ሲያገኝ ይሰበራል። ስለቱ ሆዱ ገፋ ማለት አለበት። ስለዚህ መሳያው ላይ ሲያርፍ እጄን በቀስታ ከፍ እያደረግሁ አንከባልለዋለሁ። ሁለት ጊዜ አሳልፌ ውሃ፣ ሁለት ጊዜ አሳልፌ ውሃ። ባሌስትራው ባልዲው ውስጥ በገባ ቁጥር «ጭስስ» ባይልም፣ አባቴ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጥ ነበር።

ሞተሩን ሳጠፋ ተቀበለኝ። አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ አግድም አሳለፈ፣ ገልብጦ ደገመው። ጥሩ ነው አላለም፣ መጥፎ ነው አላለም። ጎንበስ ብሎ ጣቱን ባልዲው ውስጥ ነከረ።

«ለብ ብሏል» አለ። «ቀይረውና ያንን ጫፉን አንዴ ድገመው።»